የፈጠነው የእድር መልእክት

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ስናገር የቢሮ ሰዎች ይስቃሉ። ኮድ ላይ ከእኔ ጋር የተከራከረ ሰው በሆዱ ረግሞኝ ስለሚሄድ ፈሪ ነኝ ስል ቀልድ ይመስላቸዋል። አፌ ሌላ፣ ሆዴ ሌላ ነው። በተለይ ያን ሰሞን፣ አጎቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ የእማዬ ስም ስልኬ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር አፌ ኩበት ይሆን ነበር። ሳነሳው "ዳቦ ይዘሽ ግቢ" ትለኛለች። "ለዳቦ ነው እንዴ እንዲህ የምታስደነግጪኝ?" ብዬ እቆጣታለሁ። እሷ ምን አጠፋች? ስልክ ደወለች እንጂ።

አጎቴ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ ገና ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ፣ ትምህርት ቤት "ወላጅ ይዘሽ ነይ" ስባል ይዤ የምሄደው እሱን ነበር። ካዛንቺስ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ስለነበረ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ይመጣል። ርዕሰ መምህሩ ፊት ቆሞ ምን እንዳጠፋሁ ሳይሰማ "ማን ነካት?" ብሎ ይጀምራል። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ሲነገረው እዚያ ዝም ይለኝና በር ላይ ስንደርስ ጆሮዬን ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ከዚያ ሳምቡሳ ይገዛልኛል። ፕሮግራም መጻፍ ስጀምር "አንቺም መካኒክ ሆንሽ፤ ብቻ እጅሽ ግሪስ አይነካም" አለኝ። ከዚህ የተሻለ ሙገሳ ከማንም አልሰማሁም።

እማዬ ደግሞ ደም ግፊት አለባት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአክስቷን ሞት አንዲት ዘመዳችን በስልክ አረዳቻት። ሰምተሻል ወይ ብላ እንኳ አልጠየቀችም፤ በቃ "እግዜር ያጽናሽ" ብላ ዘላ ገባችበት። እማዬ ስልኩን እንደያዘች ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። ደግነቱ ቤት ስለነበርኩ ሆስፒታል አደረስኳት። ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠርቶኝ "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ድንጋጤ እንዳያገኛት፤ ልቧ አይችለውም" አለኝ። መርዶ ወግ አለው። ሲነጋ፣ ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ ቤት ድረስ መጥተው ነው የሚነገረው። ስልክ ይህን ወግ አያውቅም። ስለዚህ አጎቴ ሲታመም የፈራሁት ሁለት ነገር ነበር፤ አንደኛው እሱን ማጣት፣ ሁለተኛው እማዬ ማጣቷን እንዴት እንደምትሰማ። ሁለተኛው ከአንደኛው ይብስብኝ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በዚህ መሃል ነው የእድራችን ጸሐፊ ያስጠሩኝ። ካዛንቺስ የነበረው ሰፈራችን ፈርሶ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበትኗል። እኔና እማዬ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ሌላው ከተማው ዳር ድረስ ሄደ። እድሩ ግን አልፈረሰም። ድንኳኑና ወንበሩ ቂርቆስ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተከምሯል። ከድንኳኑ ጎን አንድ ጠረጴዛና ዕድሜ የጠገበ ኮምፒውተር አለ፤ ከኮምፒውተሩ ኋላ ጸሐፊያችን ይቀመጣሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ዛሬም ቢሮ እንደሚገባ ሰው ክራቫት አስረው ይመጣሉ። ድሮ በጥሩንባ ይለፈፍ የነበረውን ሞት አሁን በስልክ መልእክት የሚልኩት እሳቸው ናቸው።

"ልጄ፣ ሰው ከቀብር እየቀረ ነው" አሉኝ። "መልእክቱ ይዘገያል። አውቶቡሱ ጥሏቸው እየሄደ ከእኔ ጋር እየተጣሉ ነው። እስቲ አንድ ነገር አድርጊልኝ።"

ቁጭ ብዬ አየሁት። መልእክቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ መሃል መሃሉ ላይ ግን ክፍት ቦታዎች አሉት። የሚቀበለው አባል ስም፣ ያረፈው ሰው ስም፣ ቀብሩ የሚፈጸምበት ቤተ ክርስቲያን፣ ሰዓቱ፣ ከዚያም አውቶቡሱ ለዚያ አባል ሰፈር የሚነሳበት ቦታ። ቀደም ሲል አንድ ሰው ሠርቶላቸው የሄደው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ አባል ያንን ጽሑፍ ይከፍታል፣ ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ አንዱን ክፍት ቦታ ፈልጎ ይተካል፣ ያስቀምጣል፣ ይዘጋል። ለሁለተኛው ክፍት ቦታ ደግሞ እንደ አዲስ ይከፍታል። ወጥ የሚሠራ ሰው ቆንጥጦ ቆንጥጦ ለሚጨምረው ጨው ሁሉ ሱቅ እየተመላለሰ ሲገዛ ማለት ነው። ተሞልቶ ካለቀ በኋላ መላኩ ራሱ ቅጽበት ነው፤ የሚያጓትተው መሙላቱ ነበር። ሠሪውን ልረግም አፌን ከፍቼ ጋሼ ፊት መሆኔ ትዝ ሲለኝ ዋጥኩት።

ቢሮዬ ኦሎምፒያ ነው። በማግስቱ ምሳዬን ትቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ጽሑፍ ውስጥ ያለን ነገር በሌላ መተካት፣ እኛ ሪፕሌስ የምንለው፣ የሙያችን ሀሁ ነው። ግን መንገዱ ብዙ ነው፤ ፍጥነቱም ለየቅል ነው። ሦስቱን መርጬ አወዳደርኳቸው። የመጀመሪያው ጽሑፉን አንዴ ብቻ ከፍቶ ክፍት ቦታዎቹን በተራ በተራ መተካት ነው። ሁለተኛው ክፍት ቦታ ምን እንደሚመስል ለኮምፒውተሩ ነግሮ በአንድ ጉዞ ሁሉንም እያደነ እንዲተካ ማድረግ ነው፤ ሲያዩት የተራቀቀ ይመስላል፣ ቢሮ ያሉት ልጆች ይሞቱለታል። ሦስተኛው ጽሑፉን አስቀድሞ ክፍት ቦታዎቹ ላይ ቆራርጦ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ አባል መሃሉን እየሞሉ መገጣጠም ብቻ ነው። ፍለጋ የሚባል ነገር የለበትም።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢሠሩ ልዩነታቸው ለዓይን አይታይም። ስለዚህ የላፕቶፑ ማራገቢያ እስኪጮህ ደጋግሜ አሠራኋቸው። የተራቀቀ የሚመስለው ከሁሉም ዘገየ። አሃ፣ አልኩ በሆዴ፤ የቢሮ ልጆች በእሱ ምክንያት ስንቴ ተሟግተውኛል። በተራ መተካቱ መሃል ላይ ሆነ። ቆራርጦ መገጣጠሙ ሁለቱንም አስከነዳቸው። የድሮው የእድር ፕሮግራም ከማናቸውም ጋር ለውድድር የሚቀርብ አልነበረም። ደስ አለኝ። ሥራ ሲሳካልኝ ለትንሽ ጊዜ ፍርሃቴን እረሳለሁ፤ ይህን ሙያ የምወደውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ መሞከሪያ ስም አስፈለገ። ለተቀባይ ቦታ ከእውነተኞቹ አባላት ጥቂቶቹን ወሰድኩ፤ እማዬ አንዷ ነበረች። ያረፈው ሰው ቦታ ላይ ግን ማንን ልጻፍ? ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። በቁሙ የሚሄድ ሰው ስም ጽፌ "አርፈዋል" ልል ነው? ሟርት አይደለም እንዴ? ለጋሼ ደወልኩ።

"የሕያው ሰው ስም እንዳትጽፊ" አሉኝ ኮስተር ብለው። "እገሌ በዪው። ለእገሌ ማንም አያለቅስም።"

እገሌ ብዬ ጻፍኩ።

ሦስተኛው መንገድ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። የሚሞላው በቅደም ተከተል ነው፤ አንደኛው ቁራጭ፣ አንደኛው መሙያ፣ ሁለተኛው ቁራጭ፣ ሁለተኛው መሙያ። ቅደም ተከተሉን ካዛነፉበት አይጮህም፣ አይቆምም፤ ስህተቱን በዚያው ፍጥነት ይሞላዋል። እኔ ተቀባዩንና ያረፈውን አገለባብጬ ኖሯል። ስክሪኑን ሳየው "ክቡር እገሌ፣ የእድራችን አባል የሆኑት" ይልና የእማዬ ሙሉ ስም ይከተላል። ከዚያ "ስላረፉ" ይላል። ክው አልኩ። ላፕቶፑን ጠረቀምኩት።

"ምነው?" አለኝ ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ።

"ምንም አይደለም፣ ዝም በለኝ በቃ።"

አማተብኩ። ኮሪደር ወጥቼ ለእማዬ ደወልኩ። "ዳቦ አለ፣ አታምጪ" አለችኝ። ከዚያ ገብቼ ቅደም ተከተሉን አስተካከልኩ፤ የእሷን ስም ከመሞከሪያው አወጣሁ፤ ያንን ገጽም ሁለተኛ ማንም እንዳያየው ሰረዝኩት።

የተስተካከለውን ይዤ ቂርቆስ ሄድኩ። ጋሼ እገሌን ጻፉና ቁልፉን ነኩት።

"አለቀ" አልኳቸው።

"ምኑ?"

"ሁሉም ተሞልቷል። ቢላክ ኖሮ እስካሁን ሰዉ ያነበው ነበር።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ያመሰግኑኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ዳመነ።

"ድሮ እኮ ልጄ፣ እሱ እስኪሞላ እኔ ሥራ ነበረኝ" አሉ። "ሟቹ ማን ማን ዘመድ እንዳለው አስባለሁ። ሽማግሌ እጠራለሁ። እህቱ እዚያ ሰፈር ናት፣ ገና አልተረዳችም ካሉኝ አቋርጬ ስሟን አወጣለሁ። አሁን እኔ አስቤ ሳልጨርስ እሱ ደርሶ ተመለሰ።"

እኔ እንደ ትርፍ ቆርጬ የጣልኩት ጊዜ ለካስ ሰው ይጠብቅበት የነበረ ጊዜ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ አንድ ሳጥን ጨመርኩ፤ "መልእክቱ የማይደርሳቸው" የሚል። ጋሼ እዚያ ውስጥ ስም ካልጻፉ ወይም "የለም" ካላሉ ቁልፉ አይሠራም። ሞከሩት፣ ደህና ነው አሉ። የእኔንም ቁጥር ተቀባዮቹ መጨረሻ ላይ አስገባሁ። መልእክቱ ሳይበላሽ መድረሱን ለማየት ብዬ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ልነግራቸው የፈለግኩት ሌላ ነገር ነበር። ጋሼ፣ አጎቴ የሆነ እንደሆነ የእማዬን ስም እዚህ ሳጥን ውስጥ እንዳይረሱብኝ ማለት ፈልጌ ነበር። ግን አጎቴ ያን ዕለት ጠዋት ሾርባ ጠጥቷል፤ ከነርሷ ጋር ተቀላልዷል። እሱን በአፌ ቀብሬ ለእናቴ መሰናዶ ላደርግ? "ብቻ ምንም እንዳይረሱ" አልኩ። "ምን እረሳለሁ" አሉኝ፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው። ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ አዲሱ ፕሮግራም ሥራ ጀመረ። ስልኬ ላይ መልእክት በገባ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ስሙ ያለበትን ቦታ ነው። የማላውቃቸው አዛውንት ሲሆኑ "ተመስገን" እላለሁ፤ ወዲያው ራሴን እታዘባለሁ፣ የሰው ሞት እኮ ነው። አንድ ቀን ወሎ ሰፈር ካፌ ቁጭ ብዬ ፕሮግራሙን መልሼ ከፈትኩት። አንዲት መስመር ብጨምርበት ይበቃል፤ ሞልቶ ከጨረሰ በኋላ ዝም ብሎ የሚያስጠብቀው መስመር። ጣቴን ዘረጋሁ። ግን በዚያው ሳምንት አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ከከተማው ዳር መጥታ "ዛሬ ገና በጊዜ ሰምቼ ለወዳጄ አፈር አለበስኩ" ብላ እጄን ስማኛለች። ምን ብዬ ላዘግይባት? ላፕቶፑን ዘጋሁት። ያዘዝኩትን ሻይም ሳልጠጣው ሄድኩ።

ያ መልእክት የመጣው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስብሰባ ላይ እያለሁ ነው። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የነገው ቀን፣ ሰዓቱ፣ ለሰንጋ ተራ ሰዎች አውቶቡሱ የሚነሳበት ቦታ፣ ሁሉም በትክክል ተሞልቷል። ያረፈው ሰው ቦታ ላይ የአጎቴ ስም ከነአባቱ ስም ተጽፏል።

አላለቀስኩም። ማልቀስ ትዝ አላለኝም። የታየኝ ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው የእማዬ ስልክ ነው። አጎቴ ዘንድ ጠዋት ጠዋት ሄዳ ትመለሳለች፤ በዚያ ሰዓት ቤት ብቻዋን ነች። ቦርሳዬን አንስቼ እግሬ አውጪኝ አልኩ። አለቃዬ "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ ደረጃው ላይ ደርሻለሁ። የሜክሲኮ ታክሲ ይዤ መስኮቱ ጥግ እንደተቀመጥኩ ለጋሼ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ የእማዬን ስም አውጥተዋል?"

"አንቺን ማን ነገረሽ?"

"የእማዬን ስም፣ ጋሼ።"

"አውጥቻለሁ። የአጎትሽ ልጅ ከሆስፒታል እንደደወለልኝ መጀመሪያ የጻፍኩት እሷን ነው። ሲነጋ እንመጣለን። እስከዚያ ምንም እንዳትሰማ ያዥልኝ። አንቺም አይዞሽ፣ ልጄ።"

ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ሌላው ነገር ገባኝ። የእማዬ ስም ወጥቷል፤ የጎረቤቶቿ ግን አልወጣም። ሰፈራችን ሳይበተን ቢሆን ወሬው ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ ሲሄድ "ለእህቱ ተነግሯታል?" ተባብሎ ይጠያየቃል፤ ካልተነገራት አፍ ይያዛል። አሁን ያ ሁሉ ሰው በየሩቅ ሰፈሩ፣ ለየብቻው፣ በአንድ ጊዜ መልእክቱን በእጁ ይዟል። የሚጠይቀው ጎረቤት አጠገቡ የለም። አንዷ ሆዷ አልችል ብሏት "ያጽናሽ" ልበላት ብትል ማን ይመልሳታል?

የእማዬን ቁጥር መታሁ። ዘግታዋለች። እንደገና መታሁ። ያቺ የማትሰለች የቴሌ ሴትዮ ስልኩ ዝግ መሆኑን ደግማ ነገረችኝ። እማዬ ስልክ አትዘጋም። ወድቃ ስልኩ ወለል ላይ ተፈርክሶ ታየኝ። ታክሲው ስታዲየም ጋ ሲደርስ መብራት ያዘው። ሹፌሩ ከረዳቱ ጋር ስለ ኳስ ያወራል። "ወንድሜ፣ በናትህ ሂድ" አልኩት። "እህቴ፣ ቀይ እኮ ነው" አለኝ። ላብ አጠመቀኝ። ጎኔ ያሉት ሴትዮ አይተውኝ ውኃቸውን አቀበሉኝ፤ መጠጣት አቃተኝ።

አራተኛ ፎቅ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ቁልፉ አልገባ አለኝ። በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

እማዬ ቆማለች። በእጇ የምስር ሰፌድ ይዛለች።

"ምነው በጊዜ?" አለችኝ።

"ራሴን አሞኝ ነው።" ድምፄ የእኔ አይመስልም። "ስልክሽስ? ስደውል ዝግ ነው።"

"ዘጋሁት። ጆሮዬ ደከመው ዛሬ።" ወደ ምስሯ ተመለሰች።

እግዚአብሔር ነው ያዘጋት አልኩ በሆዴ። ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። አልሰማችም። ከእኔ የሚጠበቀው እስኪነጋ ፊቴን መያዝ ብቻ ነው። ፊት መያዝ ደግሞ አልችልበትም። እራት ቀረበ። እንዳትጠረጥረኝ ብዬ ጎረስኩ። እሷ እያየችኝ ነበር። "ብዪ እንጂ፣ ጠውልገሻል" እያለች አጎረሰችኝ። ስለ አጎቴ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዱ ሲቀልድ ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች።

"መድኃኒትሽን ዋጥሽ?" አልኳት።

"ውጫለሁ። አንቺ ነገ ሥራ እንዳትሄጂ፣ ካመመሽ።"

"እሺ" አልኩ። እንዴት እንደምቀር ሰበብ ሳስብ ራሷ ስለሰጠችኝ ደስ አለኝ። ከዚያ አልጋዬ ድረስ መጥታ፣ ልጅ ሳለሁ እንደምታደርገው፣ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጋ አለበሰችኝ። ስትወጣ በሩን ክፍት እንድትተወው ለመንኳት። ትንፋሿን ለመስማት ነበር።

ሊነጋጋ ሲል በሩ በቀስታ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው ብዬ ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። እሷ ከመክፈቷ በፊት አጠገቧ ልደርስ፣ ብትወድቅ ልይዛት። ሳሎን ስደርስ በሩ ተከፍቷል። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች፣ ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃለች። ደፉ ላይ ጋሼና ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘቻቸው።

"እኔ ትናንት ሰምቻለሁ" አለቻቸው በሹክሹክታ። "አንዷ ደውላ ነገረችኝ። ስልኬን የዘጋሁት ልጅቷ ፊት እንዳይጠራብኝ ነው። እሷ ገና አልሰማችም። አባት ብላ የምታውቀው እሱን ነው፤ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ ንገሯት።"

ጋሼ ከትከሻዋ በላይ አዩኝ። እንደማውቅ ያውቃሉ፤ ከታክሲ ውስጥ የደወልኩት ለእሳቸው ነው። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቆባቸውን አወለቁና ገቡ።

"ተቀመጪ፣ ልጄ" አሉኝ።

ተቀመጥኩ። እማዬ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። ጋሼ ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ መታመሙን፣ ሐኪሞቹ መድከማቸውን፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን፣ አንዱን ቃል ከሌላው እያራራቁ፣ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። አላቋረጥኳቸውም። ስሙ ላይ ሲደርሱ ጮህኩ።